የመሐል ሜዳው ማማሰያ ዘንግ

ይህን ትዝታ ስጽፍ የምመካበት ብዙ ነገር የለኝም። የሥራ ወረቀቶቼ አብዛኞቹ በየለቀቅኋቸው መሥሪያ ቤቶች ቀርተዋል፤ እጄ ላይ የተረፉት ጥቂት የንድፍ ቅጂዎችም መሐል ሜዳን የሚመለከቱ አይደሉም። ስለዚህ የማወራው ካየሁት፣ ከሰማሁትና አይቼዋለሁ ብዬ ከማምነው ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። ባለቤቴ «አንተ ያልነበርክበትን ቀን ከነበርክበት አሳምረህ ትተርካለህ» ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም። የሰዎችን ንግግር የማሰፍረው ቃል በቃል ስለማስታውሰው ሳይሆን ፍሬ ነገሩና ለዛው አብሮኝ ስለኖረ ነው። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቁጥር ትቼዋለሁ።

ጡረታ ዕረፍት ነው ይባላል። እኔ ግን ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ ውስጥ መቀመጫ አጥቻለሁ። የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሣ ኩሽኔታው ማለቁን በጆሮዬ ሳላጣራ ቁርሴን አልጨርስም። የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ድምፁን ሲቀይር ተነሥቼ አጥር ላይ እቆማለሁ፤ ባለቤቱም «ደህና ነው ጋሼ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው» ብሎ ይሸኘኛል። እገባለሁ፤ እንደገና እወጣለሁ። አንዳች ያልጨረስኩት ሥራ ያለ ይመስለኛል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ለይቼ አላውቀውም ነበር፤ ዘንድሮ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ስልክ እስኪደወልልኝ ድረስ።

«ጋሼ፣ አስካለ እባላለሁ» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት። «የሱፍ ሠሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ያኔ ከኢንጂነር ተሰማ ጋር ማቅለሚያውን የተከሉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ከተከሉት አንዱ ነኝ።»

«እንግዲያው ገንዳው አለ፤ ማማሰያው ነው የሌለ። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ከቀለም ፋብሪካ የወጣ ማሽን ልስጣችሁ ብሎናል። ፈጣን ነው፣ ድንጋይ ይፈጫል ይላል። የዘንድሮው የበግ ጠጉር ተሸልቶ ተቀምጧል፤ የአባሎቹ ሁሉ የዓመት ተስፋ እሱ ነው። እናቴ ያኔ ሱፍ ይዛ ሄዳ ቁርበት ይዛ ነው የተመለሰችው። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ያ እንዲደገም አልፈልግም። ምን እንግዛ?»

ጥያቄዋ አጭር ነበር። የእኔ መልስ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ባልተፈታ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚያ ገንዳ ላይ የነበረውን ማማሰያ የመረጡት አሠልጣኜ ኢንጂነር ተሰማ ናቸው፤ ተሰበረ፤ ሱፉም ጠፋ። ምርጫቸው ስሕተት ከነበረ ሴቶቹ ሌላ ዓይነት መግዛት አለባቸው። ምርጫቸው ትክክል ሆኖ በሌላ ምክንያት ተሰብሮ ከሆነ ግን ከዚያ የተሻለ ማሽን የለም፤ ምክንያቱ ብቻ መገኘት አለበት። ይህን ሳላውቅ «ይህን ግዙ» ማለት የሰውን የዓመት ሱፍ በግምት ላይ መጣል ነው። መጥቼ ልየው አልኳት።

ሙያው ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ማማሰያ በቤት የወጥ መሣሪያ ነው። በፋብሪካ ደግሞ በገንዳ ላይ የሚቆም ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንስ የማርሽ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ወደ ፈሳሹ የሚወርድ ረጅም ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍም ክንፍ ያለው መሣሪያ ነው። ሠራተኛው አጂቴተር ይለዋል። ዕድሜዬ ያለቀው ይህን በመምረጥ፣ በመትከልና ሲታመም በማከም ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቀለም ፋብሪካ ነበር። ከውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ ቀመሩን ሁሉ በቃሌ አጥንቼ ነበር የገባሁት። ሥራ አስኪያጁ ትጉህ ሰው ነበሩ፤ ስለ ማማሰያ የነበራቸው እምነት ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ካልተረጨ አልተበጠበጠም። ገንዳው ውስጥ ማዕበል ካላዩ ማሽኑ ያንቀላፋ ይመስላቸዋል። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ተሰማ ነበሩ፤ እኛ ጋሽ ተሰማ እንላቸዋለን። ቀጠን ያሉ፣ ከቤት ውጭ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ፣ ከእኔ በፊት ውጭ አገር ተምረው ከእኔ ይልቅ ያነበቡ ሰው ነበሩ።

ጋሽ ተሰማ አዲስ ማሽን እንዲመርጡ ሲጠየቁ የፈረስ ጉልበት አያነሡም። «ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?» ይላሉ። ጠያቂው ሲነግራቸው «ምን እንዳይሆንስ?» ይላሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ በቅጡ የሚመልስ ሰው ብዙም አላየሁም። የገብስ አገር ሰው መሆኔን ሲያውቁ ደግሞ አንድ ቀን በመስተዋት ማሰሮ በሶ በጠበጡልኝ። ዱቄቱ ላይ ውሃውን ባንድ ጊዜ ደፍተው በማንኪያ በኃይል መቱት፤ ጓጎለ። በሌላው ማሰሮ ውሃውን ዝግ ብለው እያዞሩ ዱቄቱን ነሰነሱበት፤ ለሰለሰ። «ጉልበቱ የበዛው የቱ ነው?» አሉኝ። «የመጀመሪያው።» «ሥራው የተሠራውስ?» ከዚያ ሁለተኛውን ጠጡት።

ፊውዝን በተመለከተ የነበራቸው ልማድ በፋብሪካው የታወቀ ነበር። ሰው ወደ ገንዳ ከመግባቱ በፊት የሞተሩን ፊውዝ ራሳቸው ነቅለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ገብቶ የነበረው ሰው ወጥቶ ፊቱን እስኪያሳያቸው ድረስ ምሳም ቢደርስ ከኪሳቸው አይወጣም። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ እየጮኹ መጡ።

«ተሰማ! ፊውዙን አምጣ እንጂ፣ ሥራ ቆሟል!»

«ሰውየው ይውጣና።»

«በስንት ደቂቃ ነው የሚወጣው?»

«እሱ ሲወጣ ነዋ።»

ሥራ አስኪያጁ ተናደው ሄዱ፤ ጋሽ ተሰማ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ። ኩሽኔታ ሲመረምሩ ደግሞ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ማርሽ ሳጥኑ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያስደግፋሉ፤ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ «ገና ነው» ወይም «ዘይት ጠምቶታል» ይላሉ። እኔም ቀመሩን ሳልተው ይህን ተማርኩ።

በቀለም ፋብሪካው ካወቅኋቸው ማሽኖች አንዱ ለዚህ ታሪክ ስለሚያስፈልግ ልጥቀሰው። ክንፍ በመሆን ፈንታ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣለት ክብ ብረት ነበር። በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከርና የጓጎለውን የቀለም ዱቄት ይሰባብራል። ለዚያ ሥራ ግሩም ነው። ነጋዴው ለእነ አስካለ ሊሸጥ ያቀረበው ማሽን ይኸው ዓይነት መሆኑን ከአነጋገሩ ገምቼ ነበር።

ሁለተኛው ምድቤ በአንድ ከተማ የውሃ ማጣሪያ ነበር። እዚያ ደፍራሹ ውሃ ውስጥ የሚያጠራ መድኃኒት ይገባል፤ በመጀመሪያ ባጭሩ በፍጥነት ይበጠበጣል፣ ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ክንፍ ይገፋል፤ ያን ጊዜ ደቃቁ ጭቃ እንደ ባዘቶ ተጠራቅሞ ይዘቅጣል። አንድ ተረኛ ሠራተኛ ሥራ ለማቀላጠፍ ክንፉ ይፍጠን ብሎ ቺንጋውን፣ ማለትም የማዞሪያውን ቀበቶ፣ ወደ ትንሹ ፑሌጃ አዛወረው፤ ባዘቶው ተበታተነና ከተማው ደፍራሽ ውሃ ጠጣ። የክንፍን ፍጥነት እጥፍ ብታደርገው የሚጠይቀው ጉልበት ወደ ስምንት እጥፍ እንደሚወጣ በትምህርት ቤት አውቄ ነበር፤ የሚያጠፋው ጥፋት በስንት እጥፍ እንደሚወጣ ግን ቀመር የለውም።

ወደ መሐል ሜዳ ልምጣ። አንድ የልማት ፕሮጀክት ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ የመንዝ ሰዎች ሱፋቸውን በአንድ ቦታ የሚያቀልሙበት ቤት ሊሠራ ተነሣ። ጋሽ ተሰማ አማካሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ የዚያው የመንዝ፣ የዘመሮ ተወላጅ በመሆኔ ይመስለኛል እኔንም አስከትለው ወሰዱኝ። አገሬ ቢሆንም በመሐንዲስ ዐይን አይቼው አላውቅም ነበር። ከፍታው የማሽን ጠላት ነው። ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ የቀለም ፋብሪካዎች የሚጽፉት የሙቀት መመሪያ አይሠራም፣ ሱፉም በቀስታ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል አለበት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርን እንደ ቆላው አያበርድም፤ በስሌት ከሚወጣው ተለቅ ያለ ሞተር ካልገዛህ ይግላል። ሱፍ ደግሞ በሙቅ ውሃ ውስጥ ከተመታ እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠጥራል። የመንዝ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ባና ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃ በእግር የሚረገጠው እንዲጠጥር ነው። ከመፈተሉ በፊት የጠጠረ ሱፍ ግን ለምንም አይሆንም።

ይህን ሁሉ አስበን ነበር። ያላሰብነውን የነገሩን ሴቶቹ ናቸው። በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው ጋሽ ተሰማ ሲያስረዱ የአስካለ እናት ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታዬ፣ የኔን ሱፍ ከደብሪቱ ጋር አንድ ላይ ሊያማስሉት ነው?»

«አንድ ገንዳ ውስጥ ይቀለማል፣ አዎን።»

«አይሆንም! የኔን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ነጩን ከጥቁሩ ለይቼ ነው ያመጣሁ። የሷ በግ ጭራሮና ጭጎጎት ተሸክሞ ነው የሚውለው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላ ሆነው «የበጌን ስም አታጥፊ» አሉ። «ባንቺ ባና ውስጥ ስንት ቁንጫ እንደሚያድር እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ወይዘሮ እታገኝም ሳቁ፤ ነገራቸውን ግን አልለቀቁም። ጋሽ ተሰማ የለመዱትን ጠየቁ። «እሺ፣ ምን እንዳይሆን ነው የምትፈልጉት?»

«እንዳይቀላቀል» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

ጋሽ ተሰማ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ብዙ አልቆየም። ስንወጣ «ማማሰያ ትከልልን፣ ግን አይቀላቀል ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ። በአገሩ ልማድ እያንዳንዷ ሴት ሱፏን በገመድ በታሰረ እስር አድርጋ በራሷ ቋጠሮ ነው የምታስረክበው። ቋጠሮው ማኅተሟ ነው፤ ሌላ ሰው አይፈታውም፤ የፈታው ሱፍ ለውጧል ተብሎ ይጠረጠራል። እስሩ እንደታሰረ ይነከራል፣ እንደታሰረ ይወጣል። ስለዚህ መንቀሳቀስ የነበረበት ሱፉ ሳይሆን ውሃው ነበር።

ጋሽ ተሰማ የመረጡት ማማሰያ ሰፋፊ ክንፎች ያሉት፣ በጣም ዝግ ብሎ የሚዞር፣ ውሃውን ወደ ታች የሚገፋ ነበር። ዘንጉን ከገንዳው መሐል ፈንጠር አድርገው ወደ አንድ ጎን ተከሉት። ሥሩ ላይ መደገፊያ ኩሽኔታ አላስገቡበትም፤ ጠጉር ገብቶ ይጠመጠምበታል ብለው። በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ሠመረ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ቋጠሮ እየፈቱ ቀይና ሰማያዊ ሱፍ ፀሐይ ላይ ሲዘረጉ ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ወይም ፎቶግራፉን አይቼ ይሆናል።

ከዚያ እኔ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ ፋብሪካ ተመደብኩ። ጉዳቱ የደረሰው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በቦታው አልነበርኩም። በወሬ ሰምቼ ማግስቱን በአውቶቡስ ወጣሁ። የተነገረኝ ይህ ነው፦ ገንዳው ሙሉ ሱፍ ይዞ ሲሠራ ዘንጉ ተሰበረ፤ ክንፉ ወደ ሥር ወረደ። ላይ ያለው ሞተር ባዶውን መዞሩን ቀጠለ፣ ድምፁም ብዙ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ሠራተኞቹ ቶሎ አላወቁም። ውሃው መዘዋወሩ ሲቆም ከሥር ያለው የእንፋሎት ቧንቧ በዙሪያው ያለውን ብቻ አንተከተከው፤ ሱፉ እዚያው ተደብድቦ ጠጠረ፣ ከፊሉም አረረ።

ስደርስ ሴቶቹ እስራቸውን እያወጡ ነበር። ሱፍ አይመስልም፤ ጥሬ ቁርበት ይመስላል። ወይዘሮ ደብሪቱ የራሳቸውን ወደ ጋሽ ተሰማ ዘርግተው «ኢንጂነር፣ ይህን ልፍተለው ወይስ ጫማ ላሰፋበት?» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ እታገኝ ከወይዘሮ ደብሪቱ ጎን ቆመዋል። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ስለ ማሽኑ ጥራት፣ ስለ ሻጩ አንድ ነገር መናገር ጀመሩ። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ምርጫው የእኔ ነው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን እዚያው አቆሙ፤ የተገላገሉ መሰሉኝ።

ጋሽ ተሰማ ከዚያ ወዲህ በማሽን ምርጫ ሥራ ላይ አልተቀጠሩም፤ የቀጠራቸው ሁሉ መሐል ሜዳን ሰምቶ ነበር። በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ሲያስተምሩ ቆይተው አረፉ። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ጋሼ፣ ለምን ነበር የተሰበረው?» አልኳቸው። «ዘንግ ሲሰበር ምክንያት አያጣም» አሉኝና ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። እኔም በኋላ የጥገና ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ፋብሪካዎች ረጅም ዘንግ በመረጥኩ ቁጥር ከስሌቱ አወፍረው ነበር። መሥሪያ ቤቶቹ የእኔን ፍርሃት በብረት ዋጋ ከፍለዋል።

በዚህ ዓመት በጣርማ በርና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚኒባስ ወጣሁ። ጉሙ ከመስኮቱ አልፎ አይታይም፤ እኔም መቀመጫዬ ላይ መረጋጋት አቅቶኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው «ወንድሜ፣ ሆድዎን ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው።

አስካለ በማኅበሩ ግቢ ተቀበለችኝ። የእናቷ ቁመትና ፈጣን አነጋገር አላት። ወይዘሮ እታገኝ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ከእሷ ጋር አያ ጌታነህ ነበሩ፤ ያኔ የገንዳው ሠራተኛ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ። ገንዳው ገብስ ሲቀመጥበት ኖሯል። ዘንጉስ ስል አስካለ ወደ በጎቹ ጋጣ ጠቆመችኝ፤ የበሩ መቃን ማገር ሆኗል።

«እናውርደው» አልኩ።

«ጋሼ፣ እሱ ከወረደ በጎቹ ይወጣሉ።»

«ይውጡ፣ ይመለሳሉ።»

«የእርስዎ ስላልሆኑ ነው!» አለች፤ ግን በሩን በእንጨት ደግፋ አወረደችልኝ።

የስባሪውን ፊት በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። ዝገቱ ብዙውን በልቶታል። ቢሆንም የተሰበረ ብረት ፊት ይነበባል። ባንድ ጊዜ የተሰበረ ዘንግ ፊቱ በሙሉ ሻካራ ነው። የዚህ ግን አብዛኛው ልስልስ ያለ፣ የዛጎል ጀርባ የመሰለ መስመር ያለበት ነበር፤ ሻካራው ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንጉ የተሰበረው ያን ቀን አልነበረም፤ ሲዞር እየተለመጠ፣ ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ ከርሟል። ከክንፉ ማሰሪያ በላይ ደግሞ ዙሪያውን የተፈገፈገ ቀበቶ አየሁ።

«ምን ነበር እዚህ ላይ?» አልኳቸው አያ ጌታነህን።

«ገመድ ነዋ፣ የጓሳ ሣር ገመድ። ስናወጣው እንደ ቄስ ጥምጥም ተጠምጥሞበት ነበር። ያን ዓመት ተከልሎ የኖረው የጓሳ ሜዳ ተከፍቶ ሣሩ ታጭዶ የለ? አገሩ ሁሉ ገመድ ገምዶ ነበር። እስሩም ሁሉ በሱ ታስሮ መጣ። ውሃ ሲነካው ይላላል፣ ጫፉ ይንሳፈፋል።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለሥራ አስኪያጁ ነግሬአለሁ። ኢንጂነሩ አምኗል፣ አንተ ምን ቤት ነህ አለኝ።»

የተጠመጠመው ገመድ ዘንጉን ወደ ጎን እየጎተተ ሲለምጠው ኖሯል፤ ነገሩ የተገለጠ መሰለኝ፤ ግን አልተረጋጋሁም። ቋጠሮ የማይፈታ መሆኑን ጋሽ ተሰማ ያውቁ ነበር። ገመድ ወደ ክንፉ ሊደርስ እንደሚችል እንዴት አላሰቡም? ገብሱ ወደ ጆንያ ተገልብጦ ገንዳው ባዶ ሲሆን በመሰላል ወረድኩ። በሁለቱም ግድግዳ ላይ፣ ዘንጉ የነበረበትን ጎን ከሌላው በሚለይ መስመር፣ ከላይ እስከ ታች የብሎን ቀዳዳዎች ነበሩ። አንድ ነገር እዚያ ታስሮ ነበር። እኔ አላስታውሰውም። በተከላው ጊዜ ነበርኩ፤ ግን አላስታውሰውም። ምናልባት ሲታሰር ለኬብል ወደ ደብረ ብርሃን ወርጄ ይሆናል፤ ምናልባትም አይቼው ረስቼው ይሆናል።

ከሥር ሆኜ ስነግራት አስካለ ፈጥና ሄደች። ስትመለስ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ትልቅ ላሜራ ተሸክማ ነበር፤ ሁለመናው ተበሳስቷል። «የዶሮ ቤታችን ጣራ ነው» አለች። «ሁልጊዜ ያፈሳል፤ እናቴ ግን ሌላ ቆርቆሮ አልደፋበትም ብላ ኖረች።» ወደ ገንዳው አወረድነው። የጠርዙ ቀዳዳዎች ከግድግዳው ጋር ገጠሙ።

ወንፊት ነበር። ጋሽ ተሰማ ገንዳውን ለሁለት ከፍለውት ነበር፤ በአንዱ በኩል ክንፉ፣ በሌላው በኩል የሴቶቹ እስር። ውሃው በቀዳዳዎቹ ያልፋል፤ ሱፉና ገመዱ አያልፉም። «እንዳይቀላቀል» ላሉት ሴቶች የሰጡት መልስ ይህ ነበር። ወንፊቱ ባለበት ያ ማማሰያ ስሕተት አልነበረም፤ ገመዱ ክንፉ ላይ የደረሰው ወንፊቱ ከወለቀ በኋላ ነው።

ነጋዴው ዘንድ እዚያው ሆኜ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ፈጣን ነው እኮ! ምን ጎደለው?» አለኝ። «ለዚያ ነው የማንፈልገው» አልኩት። ያገለገለ ማርሽ ሳጥንና ሞተር ሌላ ቦታ አፈላልገን አገኘን፤ ዘንጉንና ክንፎቹን ደብረ ብርሃን በሚገኝ ቶርኖ ቤት በጋሽ ተሰማ አኳኋን አሠራን። ዘንጉን ከስሌቱ አላወፈርኩትም። ወንፊቱን ግን በአዲስ ላሜራ ስናስገባ በብሎን አላሰርነውም፤ በብየዳ አጣበቅነው፣ ለጽዳት የምትሆን ትንሽ መስኮት ብቻ ትተን። በብሎን የታሰረ ነገር ይፈታል።

የመጀመሪያው ሙከራ በአስካለ በራሷ ሱፍ ተደረገ። አባሎቹ «የሁላችንም ትንሽ ትንሽ ይግባ» ቢሉ እምቢ አለች። «ከጠጠረ የኔ ይጠጥር» አለች። ውሃው እንዳይንተከተክ እንፋሎቱን እኔ ራሴ ያዝኩ። ክንፉ ዝግ ብሎ ሲዞር ከላይ የሚታየው የውሃው ቆዳ መሸብሸብ ብቻ ነበር፤ አንድ አባል «ይሄ ተኝቷል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እስሩ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ አስካለ ተቀምጣ ቋጠሮዋን ፈታች። ከመሐሉ አንድ ጉንጉን መዘዘች፣ በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ተከፈተ። ደግማ ከሌላ ቦታ መዘዘች፤ ተከፈተ።

«ይሄ ይፈተላል» አለች። ቀና ሳትል ነበር ያለችው። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች እስራቸውን ለማምጣት ወጡ።

አንድ ያላረጋገጥኩት ነገር ቀርቷል። የመጀመሪያውን ወንፊት አውልቁት ያለው ማን ነበር? አያ ጌታነህ በመጀመሪያ «ጋሽ ተሰማ ናቸው፣ ካፖርት ለብሰው ቆመው ነበር» አሉኝ። ጋሽ ተሰማ ካፖርት ለብሰው አላየሁም ስላቸው «እንግዲያው ሥራ አስኪያጁ ይሆናል» አሉ፤ በኋላ በስልክ ስጠይቃቸው ወደ ፊተኛው ተመለሱ። አስካለ ደግሞ ከእናቷ የሰማችው ሌላ ነው፦ ያን ዓመት ሱፉ ስለበዛ፣ ወንፊቱም የገንዳውን ግማሽ ስለሚወስድ ተራ አይደርሰንም ብለው ሴቶቹ ራሳቸው ኢንጂነሩን ለምነው ነበር፤ ከፊት የቆመችውም እናቷ ነበረች። ወይዘሮ እታገኝ ይህን ለልጃቸው የነገሩት በመጨረሻው ሕመማቸው ነው፤ ሰው በሕመም ጊዜ የሚለውን ደግሞ እንዴት እንደምመዝነው አላውቅም። እውነት ከሆነ፣ ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ምርጫው የእኔ ነው» ሲሉ የለመኗቸው ሴት ፊት ለፊታቸው ቆመው ነበር ማለት ነው። ወይዘሮ እታገኝ ዐይናቸውን አይተው እንደሆነ ወይም አንገታቸውን ደፍተው እንደሆነ፣ በቅርብ ቆሞ የነበረና ሊመሰክር የሚችል እስከማውቀው አሁን ከእኔ በቀር አንድም ሰው የለም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ያየሁት ግን ሱፉን ነው።